«ሳይዘንብ አይቀርም»፦ የሩቅ ፕላኔት ዜና በአንድ ልብወለድ ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ

በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ሁለተኛ ሳምንት፣ በአንድ ጠዋት ብቻ ሦስት ወዳጆቼ አንድ ዓይነት ዜና በስልኬ ላኩልኝ። ዜናው «ከምድር ውጭ ሕይወት ተገኘ» ይላል። ከሦስቱ አንደኛው ሳይንሳዊ ልብወለድ እንደምጽፍ ስለሚያውቅ «አንተ ሰውዬ፣ ቀደሙህ እኮ!» የሚል ምርቃት አክሎበታል። በዚያን ጊዜ በእጄ ያለው ረቂቅ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ታሪኩም በሌላ ፀሐይ ዙሪያ ስለሚኖሩ ፍጥረታት ስለሆነ ዜናውን እንደ ዋዛ ማለፍ አልቻልኩም። የያዝኩትን ሥራ አቁሜ የተመራማሪዎቹን መግለጫ ፈልጌ አነበብኩ። እነርሱ «ተገኘ» አላሉም። ያሉት፣ በአንዲት ፕላኔት ከባቢ አየር ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሞለኪውሎች ሳይኖሩ እንደማይቀሩ የሚጠቁም ፍንጭ አለ፤ እነዚህን ሞለኪውሎች በምድር ላይ የሚያመነጩት ሕያዋን ነገሮች ናቸው፤ እርግጠኛ ለመሆን ግን ተጨማሪ ምልከታ ያስፈልጋል ነው። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምሞክረው በሁለቱ አነጋገሮች መካከል ያለውን ርቀት ነው፤ የእኔ ሥራ የሚጀምረው እዚያው መካከል ላይ ነውና።

ፕላኔቷ ኬ2-18 ቢ ትባላለች። ስሟ የመዝገብ ቁጥር የሚመስለው የመዝገብ ቁጥር ስለሆነ ነው፦ ኬፕለር የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ኬ2 በሚል ስም ባካሄደው ሁለተኛ ተልእኮው የተመዘገበው ኮከብ ኬ2-18 ሲባል፣ በዙሪያው መጀመሪያ የተገኘችው ፕላኔት «ቢ» የሚለውን ፊደል ወስዳለች። መኖሯ የታወቀው በ2015 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኮከቡ በአገራችን ኮከብ ቆጣሪዎች ዘንድ አሰድ በሚባለው የከዋክብት ምድብ አቅጣጫ፣ ከእኛ 124 የብርሃን ዓመት ርቆ የሚገኝ፣ ከፀሐያችን ያነሰና የቀዘቀዘ ቀይ ድንክ ኮከብ ነው። ፕላኔቷ በክብደት ከምድር 8.6 እጥፍ ያህል፣ በወርዷ ደግሞ 2.6 እጥፍ ትሆናለች፤ አንድ ዓመቷ 33 ቀን ብቻ ነው። ለኮከቧ ይህን ያህል ብትቀርብም ኮከቡ ደብዛዛ ስለሆነ የሚደርሳት ሙቀት መጠነኛ ነው፤ ስለዚህም ውኃ በፈሳሽነቱ ሊቆይበት ይችላል ተብሎ በሚገመተው ቀጠና ውስጥ ትመደባለች። ከምድር ገዝፋ ከኔፕቱን ያነሰች እንዲህ ያለች ፕላኔት በእኛ ሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ ስለሌለች፣ ከሃይድሮጅን ከባቢ አየር ሥር ውቅያኖስ ያላት ትሁን፣ ወይስ እግር የሚያርፍበት ገጽ የሌላት ትንሽ ኔፕቱን፣ ተመራማሪዎቹ ገና አልተስማሙም።

ከዜናው ጋር ያየነው ሰማያዊ ውቅያኖስ የሠዓሊ ሥራ ነው። ፕላኔቷን ፎቶ ያነሳት የለም። የሚታየው ኮከቡ ብቻ ነው፤ እርሱም በየ33 ቀኑ ለጥቂት ሰዓታት ብርሃኑ በትንሹ ቀነስ ይልና ይመለሳል። ፕላኔቷ በእርሱና በእኛ መካከል ስታልፍ ማለት ነው። ነገሩ ግርዶሽ ነው፤ ግርዶሽ ደግሞ እናውቃለን። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ላሊበላ ላይ ፀሐይ የእሳት ቀለበት ስትሆን እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ እዚህ የተጋረደችው በከፊል ነበር። ግቢያችን ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር፣ በቅጠሎቹ ቀዳዳ ሾልኮ ሲሚንቶው ላይ የሚያርፈው ብርሃን እንደ ወትሮው ክብ ክብ መሆኑ ቀርቶ በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ ማጭዶች ሆነ፤ የጎረቤት ልጆችም ማጭዶቹን ለመርገጥ ይሯሯጡ ነበር። ሰማይ ሳያዩ የግርዶሹን ቅርጽ መሬት ላይ አነበቡት። የሩቅ ፕላኔቶችን የሚያጠኑ ሰዎች ሥራም ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ልዩነቱ የመጠን ነው። በዚያን ቀን ጨረቃ የከለለችው አብዛኛውን የፀሐይ ገጽ ሲሆን፣ ኬ2-18 ቢ ከኮከቧ ብርሃን የምትከልለው ከ1000 እጅ 3 እጅ ያህል ብቻ ነው። የእኛ ምድር በፀሐይ ፊት ስታልፍ ከሩቅ የሚያይ ቢኖር ከ10,000 እጅ አንድ እጅ እንኳ አትሞላለትም።

ከባቢ አየሩን ማንበብ የሚቻለው በዚህ ግርዶሽ ወቅት ነው። ፕላኔቷ በኮከቡ ፊት ስታልፍ አካሏ ብርሃኑን ሙሉ በሙሉ ይከልላል፤ በዙሪያዋ ያለው ስስ የአየር ቀለበት ግን ከፊሉን ያሳልፋል፣ ከፊሉን ይውጣል። እያንዳንዱ ጋዝ የሚውጠው የብርሃን ቀለም የራሱ ነው፤ ሜቴን የሚውጠውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያሳልፈዋል። ስለዚህ የኮከቡን ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና ዘርዝሮ በየቀለሙ የሚለካ መሣሪያ፣ በሜቴን ቀለም ሲያይ ፕላኔቷ ጥቂት ገዝፋ ትታየዋለች፤ በዚያ ቀለም አየሩ ራሱ እንደ ግድግዳ ይጋርዳልና። ይህ «ጥቂት» ከጠቅላላው የኮከብ ብርሃን ከ1 ሚሊዮን እጅ በአሥሮችና በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ ነው። ቀለሞቹም ዓይናችን የሚያያቸው አይደሉም፤ ምጣድ ከእሳት ከወረደ በኋላ፣ ምንም ሳይቀላ፣ ከክንድ ርቀት ፊታችንን የሚለበልበን ዓይነት የሙቀት ጨረር ናቸው። የምድር አየርና ሙቀት ይህን ጨረር ስለሚበክለው፣ ዲሴምበር 25 ቀን 2021 የመጠቀው ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ባለ 6.5 ሜትር መስታወቱን ይዞ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ተቀምጧል።

በዚህች ፕላኔት ላይ ከሌሎች ይልቅ የምጠነቀቅበት የግል ምክንያት አለኝ። በ2019 የሃብልን ቴሌስኮፕ መረጃ የመረመሩ ሁለት ቡድኖች በከባቢ አየሯ ውስጥ የውኃ ትነት ምልክት ማየታቸውን አሳወቁ። ዜናውም «ውኃ ተገኘ» ሆነ። እኔ በዚያው ሰሞን ተቀምጬ አጭር ልብወለድ ጻፍኩ፤ በታሪኩ ውስጥ ኬ2-18 ቢ ላይ ሌት ተቀን ዝናብ ይዘንባል፤ ገጸ ባሕሪዋም የዝናቡን ድምፅ እያዳመጠች ለእናቷ ደብዳቤ ትጽፋለች። ዝናቡን ወድጄው ነበር። በ2023 ጄምስ ዌብ በሰፊ የብርሃን ክልል ሲመለከት በግልጽ የታየው ሜቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆነ። ሃብል በተመለከተበት ጠባብ ክልል ውስጥ የሜቴንና የውኃ ትነት አሻራ ይደራረባል፤ ውኃ የመሰለው ሜቴን ሳይሆን አይቀርም። ታሪኬ ታትሞ ወጥቷል፣ ዝናቡም እስከ ዛሬ ወረቀቱ ላይ ይዘንባል።

ወደ ሚያዝያው ዜና እንመለስ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ኒኩ ማዱሱዳን የሚመራው ቡድን በ2023ቱም ጥናት ዳይሜቲል ሰልፋይድ ለተባለ ጋዝ ደካማ ፍንጭ አለ ብሎ ነበር፤ በ2025 ደግሞ በሌላ የጄምስ ዌብ መሣሪያ፣ በሌላ የብርሃን ክልል፣ የዚሁ ጋዝ ወይም የቅርብ ዘመዱ የዳይሜቲል ዳይሰልፋይድ አሻራ የሚመስል ነገር ማየቱን አሳወቀ። ዳይሜቲል ሰልፋይድን በምድር ላይ በዋናነት የሚያመነጩት በባሕር ላይ የሚንሳፈፉ፣ በዓይን የማይታዩ ዕፅዋት መሰል ፍጥረታት ናቸው። የባሕር ሽታ ከሚባለው ከፊሉ የእርሱ ነው ይባላል። እንደ እኔ ከባሕር ርቆ ላደገ አንባቢ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ድስት ውስጥ የሚቀቀል ጥቅል ጎመን ነው፤ በዚያ ሽታ ውስጥም ይህ ጋዝ አለበት። በምድር አየር ውስጥ መጠኑ ከ1 ቢሊዮን እጅ አንድ እጅ አይሞላም። በኬ2-18 ቢ ላይ አለ የተባለው ግን ከ1 ሚሊዮን እጅ ከ10 በላይ ነው፤ በሺዎች እጥፍ ማለት ነው። ጎመን የምትሸት ዓለም። አንድ ልብወለድ ጸሐፊ ይህን ሰምቶ እጁን መሰብሰብ ይከብደዋል።

ተመራማሪዎቹ ለውጤታቸው የሰጡት የእርግጠኝነት ደረጃ «3 ሲግማ» ነበር። ይህን ቃል ዜናዎቹ ወይ ዘለሉት፣ ወይ «99.7 በመቶ እርግጠኛ» ብለው አቀረቡት፤ ሁለተኛው ከመዝለሉ የባሰ ነው። ሲግማ ማለት አንድ ልኬት ከመሣሪያው የዘፈቀደ መዋዠቅ ምን ያህል ርቆ እንደወጣ የሚነግር መለኪያ ነው። 3 ሲግማ ሲባል፣ ፕላኔቷ ላይ እነዚህ ሞለኪውሎች ባይኖሩ ኖሮ የመሣሪያው መዋዠቅ ብቻውን እንዲህ ያለ አሻራ አስመስሎ የማሳየት ዕድሉ 0.3 በመቶ ያህል ነው እንደማለት ነው። የአንድ ብር ሳንቲም እየወረወሩ አንበሳው ስምንት ወይም ዘጠኝ ጊዜ በተከታታይ ወደ ላይ ቢወጣ ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ያስደንቃል፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ሳንቲም ሲወረውር የዋለ ሰው ሊያጋጥመው ይችላል፤ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ደግሞ ብዙ ፕላኔቶችን፣ ብዙ ሞለኪውሎችን እየሞከሩ ሳንቲሙን ደጋግመው ይወረውራሉ። በዘርፉ «ተገኘ» ለማለት በልማድ የሚጠየቀው 5 ሲግማ ነው፤ ይህም 0.00006 በመቶ ዕድል፣ ማለትም አንበሳው ሃያ አንድ ጊዜ ያህል በተከታታይ ሲወጣ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን 0.3 በመቶው የሚናገረው ስለ አሻራው እንጂ ስለ ሕይወት አይደለም። ጠዋት ተነስቶ በሩን የከፈተ ሰው ግቢው ረጥቦ ቢያይ «ለካ ሌሊት ዘንቦ ኖሯል» ይላል። በዚህች አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ፍርዶች ተጣድፈው አልፈዋል፦ መሬቱ በእርግጥ እርጥብ ነው ወይስ የንጋት ብርሃን አታለለኝ? ያረጠበው ውኃ ነው ወይስ ሌላ ነገር? ውኃስ ከሆነ ከሰማይ ነው የመጣው ወይስ የጎረቤት ቧንቧ ፈንድቶ? ሲግማ የሚመልሰው የመጀመሪያውን፣ ምናልባትም የሁለተኛውን ጥቂት ክፍል ነው። ሌሎች ቡድኖች ያንኑ መረጃ ወስደው ሲመረምሩ ሙግቱ የተነሳው እዚያው መጀመሪያው ላይ ነበር፤ አንደኛው ትንታኔ በመረጃው ላይ ከቀጥታ መስመር የተለየ ነገር ለማየት በቂ ምክንያት አላገኘም፣ ሌላው ደግሞ ለንጽጽር የሚቀርቡት ሞለኪውሎች ሲበዙ ሌሎችም ያንኑ ቅርጽ ሊሞሉ እንደሚችሉ አሳየ። ሦስተኛውን ጥያቄ ያከበደው ደግሞ ከወደ ሌላ አቅጣጫ የመጣ ግኝት ነው፤ ሮዜታ የተባለችው መንኮራኩር 67ፒ በተባለው ጅራታም ኮከብ ላይ የሰበሰበችው መረጃ በ2024 ሲመረመር ዳይሜቲል ሰልፋይድ ተገኝቶበታል። ጅራታም ኮከብ በረዶና አቧራ ነው። ቧንቧውም ይፈነዳል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «እንግዲያስ ሁሉም ነገር ውሸት ነዋ» ሊል ይችላል። አይደለም። መግለጫውን ያወጡት ሰዎች ያሉትን በትክክል ብለዋል፤ የተቹአቸውም ሥራቸውን ሠርተዋል። የተበላሸው በመንገድ ላይ፣ በተለይም ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ነው፤ ይህ ደግሞ በእኛ አልተጀመረም። በ1877 ሚላን የነበረው ጆቫኒ ስኪያፓሬሊ ማርስን በቴሌስኮፕ ሲመለከት ቀጫጭን መስመሮች ያየ መሰለውና በጣሊያንኛ «ካናሊ» አላቸው። ቃሉ ውኃ ራሱ የቀደደውን ፈፋም፣ ሰው የቆፈረውን ቦይም ይሸፍናል። ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት ሰዎች ቦይን መረጡ። ቦይ ካለ ቆፋሪ አለ። አሜሪካዊው ባለጸጋ ፐርሲቫል ሎውል በ1894 በአሪዞና የራሱን የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ አቁሞ፣ ውኃ የጠማቸው የማርስ ሰዎች ከዋልታው በረዶ ውኃ እየሳቡ ነው ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ተከራከረ፤ ልብወለዱም ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት በእነዚያ ቦዮች ዳር ኖረ። በ1965 ማሪነር 4 በማርስ አጠገብ አልፋ የላከቻቸው 22 ያህል ፎቶዎች የሚያሳዩት እንደ ጨረቃ የተሰረጎደ መሬት ነበር። ቦይ የለም፤ ካናሊ የመሰለው አብዛኛው የዓይን ማታለል ነበር። የእኔ ዘርፍ ትልቁ መነሻው በአንድ ቃል ምርጫ ስህተት ላይ የቆመ መሆኑ ሲያሳፍረኝም ሲያስቀኝም ይኖራል።

በአማርኛ አደጋው ሌላ መልክ አለው። ቋንቋችን ለጥርጣሬ የሚሆን ዕቃ አልጎደለውም፤ እንዲያውም ከብዙዎች የበለጠ ሀብታም ነው። «ዘነበ»፣ «ዘንቧል»፣ «ዘንቦ ይሆናል»፣ «ዘንቦ ኖሯል»፣ «ሳይዘንብ አልቀረም» እያንዳንዳቸው ተናጋሪው ምን ያህል እንዳየና ምን ያህል እንደገመተ ይናገራሉ። ችግሩ ይህ ሁሉ ልዩነት ያለው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ፣ ግሡ ላይ መሆኑ ነው። የዜና ርዕስ አጭር መሆን አለበትና የሚቆረጠው ጅራቱ ነው፤ «ሊኖር እንደሚችል የሚጠቁም ፍንጭ ተገኘ» የሚለው ሲሳሳ ሲሳሳ «ተገኘ» ብቻ ይቀራል። «ምልክት» የሚለው ቃልም ሸክሙ ብዙ ነው። በመሣሪያ ላይ የታየን ትንሽ መዋዠቅ «ምልክት» ስንለው፣ የእኛ ጆሮ የሚሰማው የዘመን ፍጻሜን ወይም የአዝመራን ምልክት ነው። እኔ በረቂቄ ውስጥ ለመሣሪያው ንባብ «አሻራ»፣ ለተመራማሪው ጥርጣሬ «ፍንጭ»፣ ከክርክር ላለፈው ደግሞ «ማስረጃ» የሚሉትን ለይቼ ለመጠቀም ወስኛለሁ፤ አርታኢዎች ቢቃወሙም።

ረቂቄ የሚነግረው ስለ አቦል ነው። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ2019 የምሥረታ 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት ስም እንዲያወጣ ዕድል ሰጥቶ ነበር፤ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቷም «አቦል» ተባሉ። ኮከቡ በአንድሮሜዳ አቅጣጫ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። አቦል የተገኘችው በግርዶሽ ሳይሆን ኮከቧን ስታወዛውዝ ነው። ፕላኔት በኮከብ ስትሳብ ኮከቡንም በተራዋ ትስባለች፤ ጁፒተር ፀሐያችንን በሰከንድ 12 ሜትር ተኩል ያህል፣ ምድር ግን በሰከንድ 9 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወዲያና ወዲህ ታንቀሳቅሳታለች። ኮከቡ ወደ እኛ ሲመጣ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ፣ ሲርቅ ወደ ቀይ እጅግ በትንሹ ይሸሻል፤ አምቡላንስ አጠገባችን ሲያልፍ የሳይረኑ ድምፅ ከቀጭን ወደ ወፍራም እንደሚለወጠው ማለት ነው። በፊታችን ስታልፍ ስላልታየች የአቦልን አየር እንደ ኬ2-18 ቢ ማንበብ አይቻልም።

ስሙን ስሰማ ወዲያው ከተማ ልገነባባት ተነሳሁ። ከዚያ ቁጥሮቹን አየሁ። አቦል በክብደት ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ የምትሆን የጋዝ ዓለም ስለሆነች ጀበና የሚቀመጥበት መሬት የላትም። ስለዚህ ሰዎቼን በጨረቃዋ ላይ አሰፈርኳቸው፤ ጨረቃዋን የፈጠርኳት ግን እኔ ነኝ፤ እስካሁን በሌላ ኮከብ ፕላኔት ዙሪያ መኖሩ የተረጋገጠ ጨረቃ የለም። ቀጥሎ ምህዋሯ መጣ። አንድ ዙር 1000 ቀን ለጥቂት የማይሞላ ጊዜ ይፈጃል፤ ምህዋሯም እጅግ የተለጠጠ ስለሆነ አንዴ ምድር ለፀሐይ ከምትቀርበው በላይ ለኮከቧ ትቀርባለች፣ አንዴ ደግሞ ከዚያ ርቀት 3 እጥፍ በላይ ትርቃለች። በሁለቱ ጫፎች የሚደርሳት ብርሃን ከ15 እጥፍ በላይ ይለያያል። ለኮከቧ ስትቀርብ ፍጥነቷ ስለሚጨምር የሚያቃጥለው ወቅት አጭር፣ ብርዱ ረጅም ነው። ይህን «በጋ» እና «ክረምት» ብዬ ልጽፍ ስል ቋንቋው እምቢ አለኝ፤ በእኛ ዘንድ ክረምት የዝናብ እንጂ የብርድ ስም አይደለም፣ በጋም ደረቅነት ነው። ሁለት ሳምንት ፈጅቶ «ቅርቦሽ» እና «ርቆሽ» የሚሉ ቃላት ፈጠርኩ፤ ገጸ ባሕርያቴ እህል የሚያከማቹት በቅርቦሽ ማብቂያ ነው። ዕቅዴን አፍርሰው ከዚህ ያደረሱኝ ቁጥሮቹ ናቸው፤ በራሴ ብተወው አንዲት የደጋ ከተማ ጠፈር ላይ ሰቅዬ እቀር ነበር።

ርቀቱ ደግሞ ሌላ ነገር ያደርጋል። አሁን ከቡና ኮከብ የሚደርሰን ብርሃን ጉዞውን የጀመረው በዘመነ መሳፍንት ነው። ጄምስ ዌብ በ2024 የለካው የኬ2-18 ብርሃን ደግሞ ከኮከቡ የተነሳው በ1900 ገደማ፣ ከዓድዋ ድል 4 ዓመት በኋላ፣ አዲስ አበባ ገና ወጣት ሳለች ነው። በዚያ ያለ ፍጡር «እንዴት አደራችሁ» ብለን ብንልክለት መልሱ የሚደርሰን ከ248 ዓመት በኋላ ነው። በመጀመሪያው ረቂቄ ሁለቱ ዓለማት ይነጋገሩ ነበር፤ አሁን ግን አንዱ ለጻፈው መልሱን የሚያነቡት የልጅ ልጅ ልጆቹ ናቸው፤ ማንም ለጠየቀው ጥያቄ መልስ ሰምቶ አይሞትም።

የአራተኛውን ምዕራፍ አዲስ ቅጂ መጀመሪያ ያነበበችው እህቴ ናት፤ የሒሳብ ባለሙያ ስለሆነች ምሕረት አታውቅም። በምዕራፉ መጨረሻ ላይ አንዲት የሥነ ፈለክ ባለሙያ በስክሪኗ ላይ አሻራውን አይታ «ሳይኖር አይቀርም» ትላለች፤ ከዚያ ተነስታ መስኮቱን ትከፍታለች፤ ምዕራፉም ያልቃል። እህቴ በእርሳስ ከዳር «እና አለ ወይስ የለም?» ብላ ጽፋበታለች። የማዱሱዳን ቡድን ወደ 5 ሲግማ ለመድረስ ከ16 እስከ 24 ሰዓት የሚሆን ተጨማሪ የጄምስ ዌብ ምልከታ ሊበቃ እንደሚችል ገምቷል። አንዱ ግርዶሽ የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ነው፣ የሚመጣውም በ33 ቀን አንዴ፤ ቴሌስኮፑን ደግሞ ዓለም በሙሉ ይሻማበታል። የእህቴን ጥያቄ አልሰረዝኩትም፤ አምስተኛውን ምዕራፍ ጀምሬያለሁ።